ማሽንህ ልኩን ሲስት፦ ሞተር በትክክለኛው ቦታ እንዲቆም የማስተካከያ መመሪያ

«ማሽኑ ልኩን ይስታል፤ ጌኑን ስንት ላድርገው?»

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በር የሚቀርጽ ይደውላል። ከዚራ አሉሚኒየም የሚቆርጥ ይደውላል። ሐረር ያሉ ልጆችም ይደውላሉ። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሚሊሜትር ይስታል? ወዴት በኩል?» ብዙ ጊዜ ስልኩ ዝም ይላል። አልተለካማ።

ሞተር ቦታውን የሚስትበት ምክንያት ብዙ ነው። የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል፣ የተሳሳተ ስሌት፣ የኤርዝ ችግር፣ ሙቀት፣ ወይም ጌን፣ ማለትም መቆጣጠሪያው ስህተትን ለማረም የሚሰጠው ምላሽ ጥንካሬ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ የተቆረጠው ዕቃ ልኩን አይሞላም። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂድባቸው። ጌን የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው፤ ቦታውም እዚያ ነው።

በድሬ ልማድ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። አንቺም ከሆንሽ ላንቺም ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 0.01 ሚሊሜትር የሚያነብ ዲያል ኢንዲኬተር፣ ከማግኔት መቆሚያው ጋር። ገንዘብህ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ይህን ግዛ።
- ዲጂታል ካሊፐር፣ ቢቻል 300 ሚሊሜትር የሚለካ
- መልቲሜትር፣ እስከ 1,000 ቮልት የሚችል
- የአለን ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ
- የቀለም ማርከር
- ንጹሕ ጨርቅና የማሽኑ መጽሐፍ የሚያዘው ዓይነት ግራሶ
- የድራይቩ (ለሞተሩ ኮረንቲ እየመጠነ የሚነዳው መሣሪያ) ማኑዋል፤ ካለ ደግሞ ላፕቶፕና ሶፍትዌሩ ከነኬብሉ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ከመጀመርህ በፊት ተጠንቀቅ

ድራይቭ ቢጠፋም ውስጡ ኮረንቲ ይይዛል። በ220 ቮልት የሚሠራው 310 ቮልት ዲሲ አካባቢ፣ በ380 ቮልት የሚሠራው 540 ቮልት አካባቢ ያጠራቅማል። ይገድላል። ካጠፋህ በኋላ ማኑዋሉ የሚያዘውን ደቂቃ ጠብቅ፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይላሉ። ከዚያም በመልቲሜትር ለክተህ አረጋግጥ። መብራቱ ስለጠፋ ብቻ አትመን።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ አካል ካለ ከሥሩ እንጨት ደግፍ። ሞተሩ ሲለቅ ጭንቅላቱ ይወርዳል። ጌን ስትነካ ደግሞ ማሽኑ በድንገት ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊፈተለክ ይችላል። እጅህን አርቅ። የድንገተኛ ማቆሚያው ቁልፍ መሥራቱን ሞክረህ ጀምር። የጉዞ ገደብ ስዊቾቹንም በእጅህ ተጭነህ ፈትናቸው።

የድራይቩን ፓራሜትር በሙሉ ኮፒ አድርግ። ሶፍትዌር ከሌለህ ገጽ በገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳው። የነበረውን ሳታውቅ ከቀየርክ መመለሻ የለህም።

ደረጃ 1፦ ስህተቱን ለካ፣ ዓይነቱን ለይ

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ደረጃ ነው። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ልፋት ግን በብዙ ይቀንስልሃል።

ዲያሉን በማይንቀሳቀሰው የማሽኑ አካል ላይ አስቀምጥ። ጫፉ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ይንካ። ዜሮ አድርገው። አሁን ሦስት ፈተና ሥራ።

ሀ) ማሽኑን 100 ሚሊሜትር አርቀህ መልሰው። ዲያሉን አንብበህ ጻፍ። አሥር ጊዜ ድገም።

ለ) አሁን በተቃራኒው አምጣው። ዲያሉን 3 ሚሊሜትር ያህል ተጭኖ ይለፍ፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለስ። ይህንንም አሥር ጊዜ ጻፍ።

ሐ) በእንጨት ወይም በላሜራ ላይ በ250 ሚሊሜትር ርቀት ሁለት ቀጭን ቀዳዳ አስበሳ። በካሊፐር ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለካ። ተመሳሳይ ጠርዝ መያዝህ የቀዳዳው ስፋት ልኩን እንዳያበላሽብህ ነው።

ደብተርህ ይነግርሃል። ሀ እና ለ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ወጥ ሆነው እርስ በርስ ከተለያዩ፣ የሜካኒክ ልልነት ነው፤ ደረጃ 2። ስህተቱ በርቀቱ ልክ የሚያድግ ከሆነ፣ ማለትም በ100 ላይ 0.1፣ በ250 ላይ 0.25 ከሆነ፣ የስሌት ችግር ነው፤ ደረጃ 3። ንባቡ በየዙሩ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ከሄደ የሚንሸራተት ካፕሊንግ (የሞተሩን ዘንግ ከማሽኑ የሚያያይዘው ክፍል) ወይም የሚጠፋ ፐልስ (ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው አጭር ምልክት) አለ፤ ደረጃ 2፣ 4 እና 5። ቆሞ ሲለካ ልክ ሆኖ ሲቀርጽ ክቡን እንቁላል የሚያደርገው ከሆነ ደረጃ 7 ይጠብቅሃል። ጠዋት ልክ ሆኖ ከሰዓት የሚስት ከሆነ ሙቀት ነው፤ ደረጃ 9።

ከአንድ በላይ ችግር አብሮ ሊኖር ይችላል። ያኔም ከትንሹ ቁጥር ጀምር።

ደረጃ 2፦ ብረቱን አስተካክል

ኢንኮደሩ፣ ማለትም የሞተሩን መዞር የሚቆጥረው መሣሪያ፣ የሚቀመጠው ሞተሩ ጀርባ ላይ ነው። የሞተሩን ዘንግ እንጂ ጠረጴዛውን አያይም። ሞተሩ በትክክል ዞሮ ጠረጴዛው ቢቀር፣ ድራይቩ «ደርሻለሁ» ይላል። የትኛውም ጌን ይህን አያስተካክለውም።

መጀመሪያ ካፕሊንጉ ላይ ከሞተሩ ዘንግ እስከ ስክሩው (እየዞረ ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰው ባለጥርስ ዘንግ) ድረስ በማርከር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። አንድ ሥራ አሠራው። መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራትቷል። ብሎኑን ፍታ፣ ዘንጉን ከቅባት አጽዳ፣ መልሰህ አጥብቅ። አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ጌን ሳወጣ ሳወርድ ውዬ፣ በመጨረሻ የላላው ይህ ብሎን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለቤቱ ሥራ አቁሞ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማርከር ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ቀጥሎ ባዶ ጉዞውን ለካ። ባዶ ጉዞ የምለው አቅጣጫ ሲቀየር ሞተሩ ዞሮ ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ የሚባክነውን ነው። ዲያሉ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ትንሽ ግፋ፣ ከዚያ በ0.01 ሚሊሜትር እርምጃ መልስ። ዲያሉ እስኪነቃነቅ ስንት እርምጃ ፈጀ? 6 ከሆነ ባዶ ጉዞህ 0.06 ሚሊሜትር ነው። ልኬቱን በሁለቱ ጫፎችና በመሀል ድገም። መሀል ላይ ብቻ ከበዛ ስክሩው እዚያ ተበልቷል፤ ማሽኑ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው መሀል ላይ ነውና።

ምንጩን ለመለየት ዲያሉን ወደ ስክሩው ጫፍ አዙረውና ጠረጴዛውን በእጅህ ግፋ ሳብ። ስክሩው ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ የጫፉ ኩሽኔታ ወይም ማጥበቂያ ዳዶው ነው። ስክሩው ቆሞ ጠረጴዛው ከሄደ የቦል ስክሩው ነት (በስክሩው ላይ የሚሄደው ዳዶ) ነው። በቺንጋ የሚሠራ ከሆነ የቺንጋውን መላላትና የፑሊውን ብሎን እይ። ቺንጋን ከልክ በላይ መወጠር ግን ኩሽኔታ ይበላል።

የድሬ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲደባለቅ እንደ ሞረድ ይሆናል። አሮጌውን ግራሶ ሳትጠርግ አዲስ አትጨምርበት።

መቆጣጠሪያው ባዶ ጉዞን በቁጥር የማካካስ አማራጭ ሊኖረው ይችላል። ተጠቀምበት፣ ግን ብረቱን ከጠገንክ በኋላ ለቀረችው ትንሽ ልዩነት ብቻ። ባዶ ጉዞው ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ አንድ ቁጥር አንዱን ጫፍ እያዳነ ሌላውን ያበላሻል።

ደረጃ 3፦ ስሌቱን እንደገና ሥራ

ጥያቄው፦ ለ1 ሚሊሜትር ስንት ፐልስ? ኢንኮደሩ 2,500 መስመር ካለው ድራይቩ በ4 አባዝቶ በዙር 10,000 ይቆጥራል። ስክሩው በዙር 5 ሚሊሜትር ከሄደና ሞተሩ በቀጥታ ከተያያዘ 10,000 ሲካፈል ለ5፣ 2,000 ይሆናል። አንዱ ቁጥር 0.0005 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ማርሽ ወይም ፑሊ በመሀል ካለ በጥርስ ብዛቱ አባዛ ወይም አካፍል። ጥርሱን በእጅህ ቁጠር፤ ከትዝታ አትጻፍ።

ጥርስ ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ማሽን ከሆነ በተለይ ተጠንቀቅ። ሞጁሉ (የጥርሱ መጠን ቁጥር) 1 የሆነ፣ 20 ጥርስ ያለው ማርሽ በአንድ ዙር 62.8318 ሚሊሜትር ይሄዳል። 62.8 ብለህ ከቆረጥከው በ1 ሜትር ግማሽ ሚሊሜትር ትስታለህ። የበር ሥራ ላይ ይህ ይታያል። ድራይቩ ስሌቱን በክፍልፋይ፣ ላይና ታች ቁጥር አድርጎ ከተቀበለ፣ በአሥርዮሽ ከመቁረጥ ክፍልፋዩን ስጠው።

ለክተህ 250 ማለት የነበረበት 250.3 ከሆነ፣ አዲሱ ፐልስ አሮጌው ሲባዛ በ250፣ ሲካፈል ለ250.3 ነው። ነገር ግን በቦል ስክሩ ላይ ይህን ከማድረግህ በፊት ቆም በል። ተራው ሲ7 የሚባለው ስክሩ እንኳ በ300 ሚሊሜትር የሚፈቀድለት ስህተት 0.05 ነው። 0.3 ካገኘህ የስክሩው ጥፋት አይደለም። የፑሊ ጥርስ ተሳስተህ ቆጥረሃል፣ ወይም ልኬትህ ተሳስቷል። ቁጥሩን አስገድደህ ብታስተካክለው ችግሩ ተደብቆ ይቀመጣል።

ደረጃ 4፦ ስቴፐር ከሆነ ፐልሱን መርምር

ስቴፐር በእያንዳንዱ ፐልስ አንድ እርምጃ የሚዞር ሞተር ነው፤ ተራው ኢንኮደር የለውም። አንድ እርምጃ ከጠፋበት አያውቅም፣ አይመልስም።

በጣም የሚረሳው የአቅጣጫው ምልክት ነው። አቅጣጫው ከፐልሱ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ብዙ ድራይቮች 5 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈልጋሉ። ፐልሱ የሚቆጠርበት ጠርዝ ከተገለበጠ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር አንድ ፐልስ ሊበላሽ ይችላል። በዙር 3,200 ፐልስና 5 ሚሊሜትር ስክሩ ላይ አንዱ ፐልስ 0.0016 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል። ግን ቅርጻ ቅርጽ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፤ በየምልልሱ አንዷ ብትጠፋ 1.6 ሚሊሜትር ደረሰ። ፈተናው ቀላል ነው፦ 1 ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ 500 ጊዜ አመላልሰው፣ ዲያሉን እይ። ከሸሸ በመቆጣጠሪያው ላይ ፐልሱ የሚቆጠርበትን ጠርዝ ገልብጠህ ድገም።

ሌላው የቮልቴጅ መለያየት ነው። 5 ቮልት ለሚቀበል ድራይቭ ከፒኤልሲ (ማሽኑን ከሚያዘው መቆጣጠሪያ) 24 ቮልት የምትልክ ከሆነ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በመሀል ያስፈልጋል፤ ማኑዋሉ ላይ አረጋግጥ። አለበለዚያ መግቢያው ይቃጠላል።

ስቴፐር ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል። የሚስተው በፍጥነት ሲሄድ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱንና ሲነሳ ፍጥነት የሚጨምርበትን ጥድፊያ ቀንስለት። የማይክሮስቴፕ (አንዱን እርምጃ የመከፋፈያ) ቁጥር መጨመር ያለሰልሰዋል እንጂ ልክነቱን በዚያው መጠን አያሳድገውም።

ደረጃ 5፦ ኬብልና ኤርዝ

ድራይቭ ለሞተሩ የሚልከው ኮረንቲ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ነው። ይህ አጠገቡ ባለው ቀጭን ገመድ ላይ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። ኢንኮደሩ ያልዞረውን ዞረ ይላል።

የኢንኮደር ኬብል በሽቦ መረብ የተሸፈነና ጥንድ ጥንድ የተጠማዘዘ ይሁን። ከሞተር ኬብል ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር አርቀው። መሻገር ካለበት መስቀለኛ ሆኖ ይሻገር፤ ጎን ለጎን አብሮ አይሂድ። የመረቡን ጫፍ ማኑዋሉ በሚያሳየው ቦታ በሰፊው እሰረው። ጠቅልሎ በአንድ ቀጭን ሽቦ ማሰር ብዙም አይረዳም።

ለመፈተን ሰርቮውን (ኢንኮደር ያለውን ሞተር) አብርተህ ባለበት አቁመው። ከዚያ የመሰርሰሪያውን ሞተር አስነሳ። ቁጥሩ ወይም ዲያሉ ከተንቀሳቀሰ ሐሰተኛ ምልክት እየገባ ነው።

ኤርዙን ደግሞ በእኛ አገር ሁኔታ እየው። የድሬ አሸዋማ አፈር በበጋ ሲደርቅ ኮረንቲ በደንብ አያሳልፍም። በዝናብ ጊዜ ደህና የነበረ ኤርዝ በደረቁ ወር ደካማ ይሆናል። መለኪያው ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ በደረቁ ወቅት አስለካው።

ደረጃ 6፦ ቮልቴጁን ማሽኑ እየሠራ ለካ

ቆሞ 220 የሚያሳይ መስመር ማሽኑ ሲፈጥን 180 ሊወርድ ይችላል። ያኔ ውስጡ ያለው ዲሲ ከ310 ወደ 254 ቮልት አካባቢ ይወርዳል፤ ሞተሩም ከትእዛዙ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጭን ገመድ፣ የላላ ተርሚናል፣ ወይም ከኮምፕሬሰርና ከብየዳ ጋር የተጋራ መስመር ይሆናል። ለማሽኑ የብቻ መስመር ሳብለት።

ደረጃ 7፦ አሁን ጌን

እስካሁን ያለው ሁሉ ከተስተካከለ ብዙ ማሽን ጌን ሳይነካ ልኩን ይመልሳል። ካልመለሰ እንቀጥል።

ሰርቮ ድራይቭ ውስጥ ሦስት ተቆጣጣሪ ተደራርበው አሉ። ከውስጥ የኮረንቲው፣ ከሱ ውጭ የፍጥነቱ፣ ከሁሉም ውጭ የቦታው። የውጭኛው ለውስጠኛው ያዛል። ስለዚህ ውስጠኛው ሁልጊዜ የበለጠ ፈጣን መሆን አለበት። የፍጥነቱ ጌን ደካማ ሆኖ የቦታውን ብትጨምር ማሽኑ አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። የኮረንቲውን ድራይቩ ከሞተሩ መረጃ ራሱ ያስተካክለዋል፤ አትንካው።

ሞተሩ ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ፣ የተለመደው ክብደት እንደተጫነ ሥራ። ባዶ ሞተር ላይ የተስተካከለ ጌን ጭነት ሲመጣ ዋጋ የለውም።

1. የቦታውን ጌን ወደ ግማሽ አውርድ።
2. የፍጥነቱን ጌን በየጊዜው 10 በመቶ እየጨመርክ ማሽኑን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅስ። ጆሮህን ስጥ። ሲያፏጭ ወይም ሲነዝር አቁም፣ ከዚያ 30 በመቶ ያህል መልስ። ድምፁ የሚመጣው ገና ዝቅተኛ ጌን ላይ ከሆነ የብረቱ ንዝረት ነው፤ ድራይቩ ያንን ድምፅ ነጥሎ የሚቆርጥ ኖች ፊልተር ካለው አብራው።
3. የኢንቴግራሉን (የቀረውን ስህተት እያጠራቀመ የሚያርመውን ክፍል) ጊዜ ቀስ እያልክ አሳጥር። ጥቅሙ ማሽኑ በመጨረሻዋ ትንሽ ርቀት ላይ ሰበቃ ይዞት እንዳይቀር ነው። ማሳጠሩ ከበዛ ግን ቆሞም ቢሆን ወዲህ ወዲያ ይላል፣ እረፍት ያጣል።
4. የቦታውን ጌን አሁን ጨምር። ዲያሉ ላይ ልኩን አልፎ መመለስ ሲጀምር ትንሽ ቀንስ።
5. የፍጥነት ፊድፎርዋርድን ጨምር።

አምስተኛውን ላብራራ። ፊድፎርዋርድ ማለት ድራይቩ መዘግየቱን ሳይጠብቅ የታዘዘውን ፍጥነት አስቀድሞ መስጠቱ ነው። ፊድፎርዋርድ ሳይኖር ሞተሩ ሲሄድ ሁልጊዜ ከትእዛዙ ኋላ ነው። መዘግየቱ ፍጥነቱ ሲካፈል ለቦታው ጌን ነው። በሰከንድ 100 ሚሊሜትር እየሄደ ጌኑ በሰከንድ 40 ከሆነ 2.5 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ሲቆም ይደርሳል፣ ስለዚህ ቀጥ ያለ ቆረጣ ላይ አታየውም። ማዕዘን ላይ ግን ጠርዙን ያጎብጠዋል። ፊድፎርዋርድ 50 በመቶ ሲሆን መዘግየቱ ወደ 1.25 ይወርዳል። ከ80 በላይ ስትሄድ በጥንቃቄ፤ አቆማሙ ላይ ማለፍ ሊጀምር ይችላል።

የሁለቱ አቅጣጫ ሞተሮች የቦታ ጌንና ፊድፎርዋርድ እኩል ይሁኑ። አንዱ ይበልጥ ከዘገየ ክቡ እንቁላል የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ደካማው የሚችለውን ፈልግ፣ ጠንካራውን ወደሱ አውርድ። ክቡ እንቁላል ሳይሆን በአራት ቦታ ላይ ትንሽ ጥርስ ካወጣ ግን ወደ ደረጃ 2 ተመለስ። ያ ባዶ ጉዞ ነው።

ደረጃ 8፦ አነሳሱና መነሻ ነጥቡ

ፍጥነቱ በድንገት ሳይሆን ለስለስ ብሎ እንዲነሳና እንዲቆም ኤስ ከርቭ የሚባለውን አብራ። ጥቂት ሚሊሰከንድ ታጣለህ፣ ንዝረቱ ግን ይቀንሳል።

መነሻ ነጥቡን ስዊቹ ላይ ብቻ አትተው። ስዊች በየቀኑ ትንሽ ይለያያል። ስዊቹን ከነካ በኋላ የኢንኮደሩን ዚ ፐልስ እንዲፈልግ አድርገው፤ በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፣ ቦታውም አይለወጥም። ስዊቹ ከዚ ፐልሱ ግማሽ ዙር ያህል ይራቅ። ከተጠጋጉ አንዳንድ ቀን ሙሉ አንድ ዙር፣ ማለትም 5 ሚሊሜትር፣ ይዘላል።

ደረጃ 9፦ ሙቀት

ብረት በ1 ሜትር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የ1 ሜትር ስክሩ በ15 ዲግሪ ሲሞቅ 0.18 ሚሊሜትር ሆነ። ስክሩው በራሱ ሰበቃም ይሞቃል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የደረጃ 1ን ልኬት ውሰድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ድገም። ልዩነቱን ታያለህ። ጥሩ ልክ የሚፈልግ ሥራ ካለህ ማሽኑን 20 ደቂቃ በባዶው አመላልሰህ አሙቀው፣ መነሻ ነጥቡን እንደገና ውሰድ፣ ከዚያ ቁረጥ። በሁለት ሰዓት ልዩነት መነሻውን መልሰህ ያዝ።

ብዙ ድራይቮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት ዙሪያቸው ያለው አየር እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን ነው። በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ሥር ያለ የተዘጋ ሳጥን ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ማራገቢያውን አስተካክል፣ የአቧራ ፊልተሩን በየሳምንቱ አራግፍ። ሙቀቱን ፈርተህ የሳጥኑን በር ከፍተህ አትሥራ፤ አቧራው ካርዱ ላይ ይጋገራል።

ሐረር ያላችሁ ሙቀቱ ይቀላችኋል፣ ከፍታው ግን አለ። ብዙ ማኑዋሎች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ከድራይቩ አቅም 1 በመቶ ቀንስ ይላሉ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፤ ከ8 በመቶ በላይ መሆኑ ነው። ልክ ለልክ የተገዛ ድራይቭ እዚያ ይጨነቃል።

ብዙ የሚታዩ ስህተቶች

- ሁለት ፓራሜትር በአንድ ጊዜ መቀየር። የትኛው እንደሠራ አታውቅም። አንድ ቀይር፣ ለካ፣ ጻፍ።
- ከጓደኛ ማሽን ጌን መገልበጥ። ክብደቱና ስክሩው ከተለየ ቁጥሩ አይሠራም።
- የኢንኮደሩን ቁጥር ብዛት ልክነት ማለት አድርጎ መውሰድ። 131,072 የሚቆጥር ኢንኮደር የላላ ነትን አያጠብቅም።
- ዲያሉን በሚነቃነቅ ላሜራ ላይ ማስቀመጥ። የምትለካው የላሜራውን መወዛወዝ ይሆናል።
- አውቶ ቱኒንግን (ድራይቩ ጌኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን) ብረቱ ሳይጠገን ማስኬድ። ድራይቩ ልልነቱን እንደ ጭነት ቆጥሮ ይሳሳታል።

ሲያልቅ

የደረጃ 1ን ሦስት ፈተናዎች ድገም፣ ከፊተኛው ጎን ጻፋቸው። አዲሱን ፓራሜትር ኮፒ አድርግ። በወረቀት ላይ ቀኑን፣ ባዶ ጉዞውን፣ የፐልሱን ስሌትና ሦስቱን ጌኖች ጽፈህ የሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፍ። በየሦስት ወሩ ባዶ ጉዞውን ብቻ ለካ። ባለፈው 0.03 የነበረው 0.06 ከሆነ ኩሽኔታውን ወይም ነቱን ከወዲሁ ፈልግ። ዕቃው ድሬ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሽኑ እየሠራ ቢጠብቅህ ይሻላል።